መርዶ በሚስስ ዎርሊ ቤት

እኔ አስፈሪ ፊልም አልወድም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለምን እንደሚደነግጥ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። በነጻ የሚያስደነግጥ ሞልቶ የለ? የጋዝ ቢል አለ፣ የጎረምሳ ልጅ አመል አለ፣ ካገር ቤት ያለ ሰዓቱ የሚደወል ስልክ አለ። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ለንደን፣ ብሪክስተን ባቡር ጣቢያ በር ላይ፣ ፊታቸውን ዱቄት በዱቄት ባደረጉ፣ አገጫቸው ላይ ቀይ ቀለም ባንጠባጠቡ ፈረንጆች መሀል ቆሜ ያየኝ ሐበሻ ቢኖር፣ «ኂሩት ለየላት» ብሎ ቢያወራ አልፈርድበትም።

አልለየልኝም። መርዶ እንዳያመልጥ ልጠብቅ ነው የተላክሁት።

መርዶው የዘርይሁን ነው። ዘርይሁን አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። በስደት የመጣን ጊዜ የተዋወቅነው እዚያው ብሪክስተን፣ ስደተኛ በሚያሳርፉበት ሆስቴል ውስጥ ነበር። አሁን በለንደን ሌላው ጫፍ ኤድመንተን ይኖራል፣ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ልጁን ቢታንያን ይዞ ነው የሚኖረው። ሐሙስ ማታ ደሴ ላይ ታላቅ እህቱ ወርቅዬ አረፈች። እህቱ ትባል እንጂ እናቱ ናት። እናታቸው እሱን በወለዱ በዓመቱ ሞተው፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሳታገባ የቀረችውም ለሱ ስትል ነው ይባላል። መሞቷን ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ብቻ አልሰማም።

በኛ ወግ የሞት ወሬ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ፣ ሰውየው እንዲቀመጥ ተደርጎ፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኙ ቆሞ ነው የሚረዳው። አገር ቤት ቢሆን ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ ያልቅ ነበር። ለንደን ላይ ግን ማን ከማን ጋር ይገጣጠማል? የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ኪዳነወልድ ዓርብን ሙሉ ቀን ስልክ ሲመቱ ዋሉ። አንዱ ሂትሮው ኤርፖርት ሺፍት ላይ ነው፣ አንዷ አዛውንት ትጠብቃለች፣ መኪና ያለው ሰው ደግሞ መኪናው ጋራዥ ገብቷል። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዘርይሁን ቤት ተባለ።

ቅዳሜ ደግሞ ዘርይሁን ቤቱ አይውልም። ቢታንያ ለልደቱ ከወራት በፊት ሁለት ትኬት ገዝታለታለች፤ «ሚስስ ዎርሊ አልሞተችም» የሚባል የድሮ ፊልም የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ከፊልሙ አፍቃሪዎች ጋር እየዞሩ የሚያዩበት ትኬት። አብራው ልትሄድ ነበር፤ ግን ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። አባቷ ፊት ብትቀርብ በአንድ ደቂቃ ይነቃባታል። ስለዚህ ጓደኛዋ ቤት ሆና «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ እንድትደውልለት፣ በሷ ትኬት እኔ እንድሄድ ተወሰነ። እሱን ይዤ እስክመለስ ቤቱ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል።

«ሁለት ነገር ብቻ ነው የምንፈልግብሽ» አሉኝ ጋሽ ኪዳነወልድ በስልክ። «አንደኛ ስልኩን እንዳያይ። ሁለተኛ ፊትሽን እንዳያነብ።»

«ጋሼ፣ ፊቴን ምን ላድርገው?»

«ሳቂ» አሉኝ።

እሺ፣ ልሳቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ዘርይሁን ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ብቅ ሲል አየሁት። ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ለብሷል። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ክራቫት፣ ጥቁር ጫማ። ሰምቷል! ማነው የነገረው? እጄን ዘርግቼ፣ እንባዬ መጥቶ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ልለው አፌን ከፍቻለሁ።

«እንዴት ነው፣ ከተከራዮቹ አንዱን እመስላለሁ?» አለኝ ክራቫቱን እያስተካከለ።

«የምን ተከራይ?»

«የፊልሙን ተከራዮች ነዋ! አንቺ ደግሞ፣ ሆስቴል ሳለን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።»

አፌን ዘጋሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ሆስቴሉ ውስጥ አንድ አሮጌ ቪዲዮ ማጫወቻና የዚሁ ፊልም አንድ ካሴት ነበር፤ ከኛ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደው። ሌላው ሰው እንግሊዝኛውን ኮሌጅ ገብቶ ሲማር ዘርይሁን ከሬሳ ተማረ። ታሪኩ ይኼ ነው፦ ሚስስ ዎርሊ ክፍል አከራይ ናት። አንድ ቀን የቤቱ ተከራዮች በሙሉ ጥቁር ለብሰው ወደ አንዱ ወጣት ተከራይ ክፍል ይወጡና «ሚስስ ዎርሊ ሞታለች» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ጠዋት ሻይ አምጥታለታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ እኔም ትራስ ፊቴ ላይ አድርጌ ነው ያሳለፍኩት።

«ቢታንያ ጉንፋን ነው ትላለች፤ አንቺ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ፊልም ወዳጅ የሆንሽው?» አለኝ።

«ሰው ይለወጣል። ስልክህን አምጣ።»

«ለምን?»

«የአውቶቡስ ጋራዡ ኦቨርታይም እያለ ይጠራሃል፣ አንተም እምቢ ማለት አትችልም። ልደትህ ነው። ፎቶ በኔ አነሳሃለሁ።»

ሳቀና ሰጠኝ። እንዲህ በቀላሉ ይሰጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አጠፋሁና ቦርሳዬ ሥር ከነጠላዬ በታች ቀበርኩት።

መሪያችን ሩቢ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ አንገቷ የታረደ እንዲመስል ተቀብታለች፤ ግን ጠባይዋ ሸጋ ነው። እያንዳንዳችን እጅ ላይ ጥቁር የወረቀት አምባር አሰረችና መንገድ ጀመርን። እንግዲህ ምን እንደምናይ እጠብቃለሁ። ገበያው መሀል አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ቆምን፤ ሁሉም ፎቶ አነሱ። ምን ተደርጎበታል? ተከራዩ እዚህ ጋ ቆሞ ሲጋራ ለኩሷል። ቀጥሎ መንግሥት የሚያከራያቸው የካውንስል ቤቶች ደረጃ ሥር አንድ የቆሻሻ ገንዳ ፊት ቆምን፤ አንድ ጺማም ሰውዬ ገንዳውን በእጁ ደባብሶ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ግራ ገባኝና ዳበስኩት። ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ አንገቷን አውጥታ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትገድሉ ነው?» ብላ ጮኸችብን፤ ሁሉም አጨበጨቡላት።

ዘርይሁን ግን ሌላ ሰው ሆኗል። የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ይሄዳል፤ ከፊልሙ ቃል አንዱ ይጀምራል፣ እሱ ይጨርሳል፤ ከዚያ አብረው ይንከተከታሉ። ከፍቺው ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ እሱ በሳቀ ቁጥር ሳቂ በተባልኩት መሠረት አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ከኔ የሚወጣ አይመስለኝም። አሁን እውነቱን ልናገር፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበር። ያልሞተች ሴትዮ የሞተችበትን ቦታ እያየን፣ የሞተችውን ደግሞ በሕይወት እንዳለች እያስመሰልን እንዞራለን።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ አጥር ግንብ ላይ ተቀምጠን ቺፕስ በላን። ዘርይሁን ጣቱን እየላሰ፣

«ወርቅዬም እኮ ሚስስ ዎርሊን ታውቃታለች» አለኝ።

ያነሳሁትን ቺፕስ መልሼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«እሁድ እሁድ ስደውልላት ስለ ፊልሙ ጠይቃኝ እነግራታለሁ። አንዴ አይደለም፣ ስንት ዓመት። አሁንም ትጠይቀኛለች፤ ‹ያቺ ሴትዮ ሞተች ወይስ አልሞተችም?› ትለኛለች። ‹አልሞተችም› ስላት፣ ‹እንግዲያ ለምን አይተዉአትም?› ትላለች። ዛሬ ፊልሙ የተሠራበት ቤት ገብቼ፣ እዚያው ተከራዩ ወንበር ላይ ተቀምጬ እደውልላታለሁ። ስልኬን አስታውሺኝ።»

«መስመር የለም» አልኩት፤ ምላሴ ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ትናንት ስሞክር ነበር፣ ወሎ በሙሉ መስመር የለም።»

«ኧረ? እንግዲህ እንሞክራለን» አለና የኔን ቺፕስ መብላት ጀመረ።

ያኔ ልነግረው ፈለግሁ። እውነት፣ እዚያው ግንቡ ላይ። ግን እኔ ማን ነኝ? መርዶ የሚነግር ሽማግሌ አለ፤ የኔ ሥራ መሳቅ ነው። ብነግረውና እዚያ አስፋልት ላይ ቢወድቅ ማን ይይዘዋል፣ ባለ ቀይ አገጩ ፈረንጅ? ስልኬ በዚያው ቅጽበት ጠራ፤ ቢታንያ ናት። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ተነሳሁና ጥግ ይዤ አነሳሁት።

«አክስት፣ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል!» አለችኝ እያለቀሰች። «የዋሽንግተኑ ከዝን ፎቶዋን ከሻማ ጋር ፖስት አድርጎታል። ሰዎች ኮሜንት እያደረጉ ነው፣ ዳዲን ታግ አድርገውታል። አይ ካንት፣ አክስት። አሁኑኑ አምጪው ፕሊስ።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እኔም ተመልሻለሁ፤ ሁሉም እኛ ቤት ናቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ ‹ከፌስቡክ ከሚሰማ ከኛ አፍ ይስማ› ብለው እየተቆጡ ነው።»

ሮጬ ተመለስኩ። «ዘሩ፣ ራሴን አዞረኝ፤ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩት። አመነኝ፤ እውነትም ሳይገረጣ አልቀረም ፊቴ። ኮቱን አንስቶ ተነሳ። «እንሂድ፣ እንሂድ፣ ጤናሽ ይበልጣል» አለ፤ ዓይኑ ግን የፊልሙ ቤት ወዳለበት መንገድ ሄዷል። ልንሰናበት ሩቢ ጋ ስንሄድ እጇን ኮፍያ ውስጥ ከትታ ወረቀት እያወጣች ነበር። ወረቀቱን አየችና የዘርይሁንን ስም እንዴት እንደምትጠራ ተጨንቃ ከብዙ ትግል በኋላ ጠራችው። ዕጣው ለሱ ወጥቷል። በጉብኝቱ መጨረሻ ያ የመርዶ ትዕይንት ቤቱ ውስጥ ሲሠራ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው፣ ተከራዩን የሚሆነው እሱ ነው።

ዘርይሁን እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ጺማሙ ሰውዬ አቅፎ ከመሬት አነሳው። ከዚያ ወዲያ ማን ያንቀሳቅሰው? «ኂሩትዬ፣ ትንሽ ቻይ፤ እቤቱ ውስጥ ሻይ ይሰጡሻል» አለኝ። የሃምሳ ዓመት ሰውዬ እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ ለመነኝ።

ለቢታንያ «እምቢ አለ» ብዬ ጻፍኩላት። «የት ናችሁ? ጋሽ ኪዳነወልድ ይጠይቃሉ» አለችኝ። ያለንበትን ቦታ የሚያሳየውን ነገር ነካሁና ላክሁላት። ለማወቅ ያህል መስሎኝ ነው። ያ ሁሉ ሽማግሌ ከኤድመንተን ተነስቶ ለንደንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ይመጣል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ባለቤቱ ለቀኑ ለቆላቸዋል። በተራ በተራ ነው የሚያስገቡት፤ ብዙ ቆምን። ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ ሻማ በርቷል። መሀል ላይ የሬሳ ሣጥን አለ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የተደረገበት የአንዲት አሮጊት ፎቶ፤ ሚስስ ዎርሊ መሆኗ ነው። ለፊልም ተብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቅቡ እንኳ ይታያል። ግን ከዓርብ ጀምሮ ይዤው የዋልኩት እንባ ፎቶ ሲያይ መቼ ይለያል? ስንቅ እየቋጠረች ለሆስቴል ሰው ሁሉ በርበሬና ሽሮ ትልክልን የነበረችው ወርቅዬ ፊቴ ላይ መጣችና፣ የእንግሊዝ ተዋናይት ፊት ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። አንዲት ወፍራም ሴት አቀፈችኝ። «ይኼ ክፍል እኔንም ሁሌ ያስለቅሰኛል» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ዘርይሁን አየኝና ፊቱ በራ። «አየሽ? አየሽ አይደል? ገባሽ!» አለኝ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።

ወንበሩ ያለው ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ክፍሉንም ደረጃውንም ሞላው፤ ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ አንስቷል። እኔ ደረጃው ግርጌ ቀረሁ። ሩቢ ጥቁር የለበሱትን ተከራዮች የሚሆን ሰው ለመምረጥ ስታማትር በሩ ተንኳኳ። ሄዳ ከፈተችና «ኦ ማይ ጎድ» ብላ እጆቿን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው። ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ከዘራ። ከኋላቸው የእድራችን ሴቶች አንጋፋ እትዬ ብፅዓት ጥቁር ነጠላ ተከናንበው፤ ከሳቸው ኋላ የእድሩ ሰው በሙሉ፣ ጥቁር በጥቁር፣ ዓይናቸው የቀላ።

ሩቢ በደስታ ልትሞት ደረሰች። እንዲህ ተጠንቅቆ የመጣ ቡድን አይታ አታውቅም መሰለኝ። የሁሉንም እጅ እየያዘች የወረቀት አምባሯን አሰረችላቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ እጃቸውን ሰጥተው አምባሩን አዩት፣ ሻማውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ። ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣

«አስከሬኑ መጥቷል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አስከሬን! ይኼ የፊልም ቤት ነው።»

«ታዲያ ሰዉ እጁ ላይ ለምን ጥቁር አሰረ? ማን ነገራቸው?»

«ማንም አልነገራቸውም። ሚስስ ዎርሊ ለምትባል ሴትዮ ነው። እሷም አልሞተችም።»

ይህንን ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለችን ሴት አንድ ቃል አላምናትም። ጋሽ ኪዳነወልድም ተከዙ። «ውጭ እናውጣውና መኪናው ውስጥ እንንገረው» ልላቸው ስል እትዬ ብፅዓት ፎቶውንና ሣጥኑን ከሩቅ አይተው ኖሮ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ «ወርቅዬ! ወርቅዬ! እናቱ ነሽ እንጂ መች እህቱ!» ብለው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመው? የመጡት ሴቶች ተቀበሏቸው። ፈረንጆቹ በአድናቆት መንገድ ለቀቁ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ገፉ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ እንጂ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። እኔም ከነሱ ጋር እየተገፋሁ ወጣሁ።

ዘርይሁን ወንበሩ ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ባዶ የሻይ ሲኒ ይዞ ተቀምጧል። የሚገቡትን ሲያይ ዓይኑን አጠበበ። መጀመሪያ ጋሽ ኪዳነወልድን፣ ቀጥሎ እትዬ ብፅዓትን። ከዚያ ሲኒውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።

«ጋሼ! እርስዎንም አስገቡዎት? እትዬ ብፅዓት! የኔ እናት፣ በዚህ ጉልበትዎ!» አለ። ከዚያ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። «ኂሩት! ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር እንደደበቅሽኝ አውቄያለሁ እኮ! ይኼን ነው? አይ ቢታንያ፣ አይ ልጄ!»

ጋሽ ኪዳነወልድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቸው የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ተቀምጧል፣ ሰው በዙሪያው አለ፣ ስለዚህ ይነገረዋል። «ልጄ ዘርይሁን» አሉ። «ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። እህትህ ወርቅዬ ሐሙስ ማታ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጥናህ።»

ዘርይሁን እንደ ፊልሙ ተከራይ ሲኒውን ከፍ አደረገ። በጠራ እንግሊዝኛ፣ «እንዴት ይሆናል? ዛሬ ጠዋት ሻይ አምጥታልኛለች እኮ!» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ደረጃው ላይ ያለውም ጭምር፣ ቃሉን አብሮት አለው። ከዚያ ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው።

ጋሽ ኪዳነወልድ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በዕድሜያቸው ስንቱን ሰው አርድተዋል፤ የሚወድቅ አይተዋል፣ ልብሱን የሚቀድ አይተዋል፣ ተሳድቦ የሚያባርራቸውም ገጥሟቸዋል። ያጨበጨበላቸው ግን አልነበረም። «ልጄ፣ የምሬን ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። እትዬ ብፅዓት አሁንም እያለቀሱ ነው፤ እሳቸው ባለቀሱ ቁጥር ጭብጨባው ይጨምራል። ዘርይሁን «በቃ፣ በቃ፣ ሆዴን አመመኝ» እያለ እንባውን ይጠርጋል። ጋሽ ኪዳነወልድ ዞረው እኔን አዩኝ። አንድ ሽማግሌ እንደዚያ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እርዳታ እየለመኑኝ ነበር።

ሰው ገፍቼ ሄድኩና ወንበሩ ፊት ተንበረከክሁ። ሁለት ጉልበቱን ያዝኩት።

«ዘሩ።»

«ኧረ ኂሩትዬ፣ በጣም አሪፍ ነው፣ በእውነት…»

«ዘሩ፣ እየኝ። ፊልም አይደለም። ወርቅዬ ሞታለች።»

እየሳቀ አየኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ቦታ ቀልድ እንዳለ ሁሉ ፈለገው፤ ዓይኔን አየ፣ አፌን አየ፣ እንደገና ዓይኔን አየ። ሳቁ ባንዴ አልጠፋም፤ እሱ ሳያውቀው አፉ ላይ ቆይቶ ነው የሄደው። ሲኒው ከጭኑ ላይ ተንከባለለና ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሩቢ አንድ ነገር ገባትና ወደ ሰዉ ዞራ እጇን አነሳች፤ ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«መቼ?» አለኝ።

«ሐሙስ ማታ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ዓርብ ጠዋት።»

«ቢታንያስ?»

«ታውቃለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢመታኝም እችለው ነበር። እሱ ግን ክፍሉን ዙሪያውን አየ፤ ግድግዳውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ባለ ቀለሙን ፈረንጅ ሁሉ። የማያውቀው አገር ያወረዱት ሰው ይመስል ነበር።

«እደውልላታለሁ ስልሽም ታውቂ ነበር» አለኝ።

«አዎ።»

«ቺፕስ ስንበላ። ስስቅ። ያን ሁሉ።»

«አዎ ዘሩ።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ፣ «አንድ ቀን ልትጨምሩልኝ ነው? ልደቴን ደስ ብሎኝ እንድውል ብላችሁ ነው?» አለኝ።

እንዲያ አልነበረም። ስለ ደስታው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የሂትሮው ሺፍት ስላላለቀ ነበር፣ መኪና ስላልነበረ ነበር፣ እኔም የታዘዝኩትን ነበር የሠራሁት። ዓይኔን ዓይኑ ውስጥ አድርጌ «አዎ» አልኩት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።